የደሴው የአየር ድብደባ በሕግ ማንን አስጠየቀ?

ጥያቄ፦ ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ላለቀው ሰላማዊ ሕዝብ በሕግ የተጠየቀ ሰው ነበርን?
(ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ድብደባው የተፈጸመው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ በከተማይቱ ሰፍረው ስለነበር ጣሊያኖች ዒላማችን ጦሩ ነው ሊሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ቦምቡ በነዋሪው ጎጆና የቀይ መስቀል ምልክት በጉልህ በሚታይበት የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል ላይም ወርዷል። ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ይዘው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ዝነኛ በመሆኑ (ብዙዎቻችን ቀኑን የምናስታውሰው በእርሱ ነው) በየቤታቸው ያለቁት ሰዎች ከታሪኩ ጥግ ተገፍተዋል ብንል ማጋነን አይሆንም። በስፍራው የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞች ግን ያዩትን መስክረው ለመንግሥታት ማኅበር (ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በፊት ለነበረው የአገሮች ማኅበር) የተቃውሞ ቴሌግራም ልከዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ባቀረበችው ማስረጃ መሠረት የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን በ1940 ዓ.ም. የጦር አዛዦቹን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ 10 ጣሊያኖችን ለመክሰስ በቂ ምክንያት እንዳለ ተቀብሏል። ይሁንና ከእነዚህ አንዱም በኢትዮጵያ ላይ ስለሠራው ወንጀል ችሎት አልቆመም፤ ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ የተፈረደበትም ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ብቻ ነው።