«መለዋወጥ» ወይስ «መዋዠቅ»?

ጥያቄ፦ አንድ የፊዚክስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ርዕሱን «በሚያድጉ ገጾች ላይ የሚታይ ሁለንተናዊ መለዋወጥና ኢ-ሚዛናዊ ስታቲስቲካዊ ፊዚክስ» ብዬዋለሁ። ጓደኛዬ ግን «ከመለዋወጥ ይልቅ መዋዠቅ ይሻላል» ይለኛል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን በርዕስዎ ውስጥ ከ«መለዋወጥ» ይልቅ አንባቢን የሚያሳስቱ ሁለት ቃላት አሉ።

አስቀድመን ነገሩን እንየው። ወረቀት ከአንድ ወገን ሲለኮስ፣ የተቃጠለውን ካልተቃጠለው የሚለየው መስመር ወደ ፊት ይገፋል፤ ይሁን እንጂ አንዱ ቦታ ስለሚቀድምና ሌላው ስለሚዘገይ መስመሩ እየቆየ ወጣ ገባ ይሆናል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ካርዳር፣ ፓሪሲና ዣንግ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ቀመር መሠረት፣ የእንዲህ ያለ መስመር ወጣ ገባነት ጊዜው 8 እጥፍ ሲሆን 2 እጥፍ፣ 27 እጥፍ ሲሆን ደግሞ 3 እጥፍ ይሆናል።

«ተለዋወጠ» «ለወጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለሆነ አንዱን በሌላው መተካትን ያስታውሳል፤ ሰዎች ሐሳብም ስጦታም ይለዋወጣሉ። «ዋዠቀ» ግን ሳይረጉ ከፍና ዝቅ ማለትን ያሳያል፤ ስለ ዋጋና ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል «ይዋዥቃል» የምንለውም ስለዚህ ነው። የእሳቱ መስመርም በአማካይ ቦታው ዙሪያ ይዋዥቃል።

«ኢ-ሚዛናዊ» በሰዋስው ረገድ ነቀፌታ የለበትም። ችግሩ «ሚዛናዊ» የሚለው ቃል በጋዜጠኞችና በዳኞች አፍ የማያዳላ ማለት ሆኖ መቅረቱ ነው፤ «ኢ-ሚዛናዊ ፊዚክስ» ሲባል አድሏዊ ፊዚክስ ይመስላል። «ሚዛን ያጣ» ማለትም አይመችም፤ የነበረውን ሚዛን የሳተ ያስመስላልና። አመድ ተመልሶ ወረቀት በማይሆንበት ሂደት ውስጥ «ከሚዛን የራቀ» ማለት ይበቃል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ሁለንተናዊ» ነው። አንባቢ ከ«ሚያድጉ» ጎን ሲያየው የለመደው «ሁለንተናዊ ዕድገት» ትዝ ይለዋል። ከዚህም በላይ ቃሉ ሁሉንም ያጠቃልላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ታኬውቺና ሳኖ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በፈሳሽ ክሪስታል (እንደ ፈሳሽ በሚፈስ፣ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ክሪስታል በተሰለፉ ቁስ) ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ ክብ ሆኖ የሚሰፋውም ቀጥ ብሎ የሚገፋውም ወሰን ከላይ ያልነውን የዕድገት ሕግ ሲከተሉ፣ የመዋዠቃቸው ሥርጭት (የትኛው መጠን ምን ያህል ጊዜ እንደሚታይ) ግን እንደ ቅርጻቸው ይለያያል፤ ሁለቱም ሥርጭቶች የሒሳብ ሊቃውንቱ ትሬሲና ዊደም በዘፈቀደ ማትሪክሶች (በዕጣ በወጡ ቁጥሮች የተሞሉ ሠንጠረዦች) ጥናት ያገኟቸው ናቸው። ስለዚህ ሰዋስዋችን «የወል ስም» ሲል የለመደውን «የወል» እመርጣለሁ፤ አንድ ወገን የሚጋራውን እንጂ ፍጥረትን በሙሉ አይጠቀልልም።

«ገጽ» የመጽሐፍን ገጽ ስለሚያስታውስ «ወሰን» ይበሉት፤ «ስታቲስቲካዊ» እንዳለ ይቆይ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «እየሰፉ የሚሄዱ ወሰኖች የወል መዋዠቅና ከሚዛን የራቁ ሥርዓቶች ስታቲስቲካዊ ፊዚክስ»።