ትሪመር በገመድ ወይስ በባትሪ? ጥያቄያችሁን ጣሉ

ክረምት ሊገባ ሲል ስለ ትሪመር፣ ማለትም ሳር በሚሽከረከር ክር ስለሚያጭደው ማሽን፣ የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል፣ የግቢ ማሽን ጥገና ላይ ስለምሰራ። ዛሬ እዚሁ ጠይቁኝ፣ የደረስኩበትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነን፣ ከቤቱ ጀርባ ትንሽ ሳር አለች። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ሳሩ ከሶኬት 20 ሜትር አካባቢ ከሆነ የገመዱን ግዛ ወንድሜ። ይረክሳል፣ ክብደቱም ቀላል ነው፣ የሚያረጅ ባትሪ የለውም፣ መሀል ላይ ኃይሉ አይደክምም። ችግሩ መብራት ነው፣ አትክልተኛው ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ መብራት ከሌለ ሳሩ ለሳምንት ቆመ ማለት ነው፣ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ በአንድ ሳምንት ምን ያህል እንደሚያድግ ታውቀዋለህ። ሰፈራችሁ መብራት የሚያስቸግር ከሆነ ባትሪው ይሻላል፣ ሲመጣ ቻርጅ አድርገህ ታስቀምጣለህ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ልታመጣልኝ ነው፣ የትኛውን ልበላት?

መልስ፦ የገመዱን በፍጹም እንዳታመጣ! የአሜሪካ 120 ቮልት ነው የኛ 220፣ እንደሰካሽው ሞተሩ ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ይሰራል ግን ያንን ከባድ ነገር ግቢ ለግቢ ማን ይጎትታል? የባትሪው ማሽን ራሱ ችግር የለውም፣ የሚሰራው በባትሪው ቮልት ነው፣ ጣጣው ያለው ቻርጀሩ ላይ ነው። ቻርጀሩን ገልብጣ ኢንፑት የሚለውን ታንብብልሽ፣ 100-240 ካለ የስፒናውን አዳፕተር ብቻ ትገዣለሽ፣ 120 ብቻ ካለ ግን ቀጥታ እንዳትሰኪው፣ ብዙዎቹ ደግሞ እንደዛ ናቸው።

ሌላው አውሮፕላኑ ነው። የባትሪውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ አባዢው፣ 18 ቮልት ባለ 4 ቢሆን 72 ዋት ሰዓት ይመጣል፣ እስከ 100 ድረስ ችግር የለም። ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከዛ በላይ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም። 56 ቮልት ባለ 5 አምፔር ሰዓት 280 ስለሚሆን ኤርፖርት ላይ አያሳልፉላትም። ተነጥሎ የሚሄድ ባትሪ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ነው፣ ጫፎቹን በፕላስተር ትሸፍናቸው።

ጥያቄ፦ 20 ቮልት ከ18 ይበልጣል?

መልስ፦ አንድ ናቸው። ውስጡ 5 ሴል ነው፣ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን ወደ 20 ይደርሳል፣ ስራ ላይ 18 ነው። ትልቁን ቁጥር አይተህ ብር እንዳትጨምር።

ጥያቄ፦ የገመዱ አለኝ፣ ኤክስቴንሽኔ ግን በጣም ይሞቃል።

መልስ፦ ተጠቅልሎ እያለ ነው አይደል የምትጠቀመው? ጥቅልል ገመድ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ሙሉ በሙሉ ፍታው። ለረጅም ርቀት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ግዛ፣ ለቴሌቪዥን የተሰራች ቀጭን ዲቫይደር ላይ አትሰካ። ይቺን ደግሞ ልለምናችሁ፣ ተራ ብሬከር ቤቱን እንጂ ሰውን አያድንም። ገመድ ተቆርጦ እርጥብ ሳር ላይ ሲወድቅ በቅጽበት መብራቱን የሚያጠፋው ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ የሚባለው ማጥፊያ ነው፣ ኤሌክትሪሽያን ጠርታችሁ አስገጥሙት። ገመዱ ከተቆረጠም መጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዛ በፊት ማንም አይንካው። በዝናብ ደግሞ ጨርሶ እንዳትሰሩበት።

ጥያቄ፦ የጥድ አጥር ማስተካከያ ማሽንስ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እዚህ ላይ አላመነታም፣ ባትሪ። መሰላል ላይ ቆመህ በሁለት እጅ ማሽን ይዘህ ገመዱ ጥዱ ውስጥ ሲገባ አታየውም፣ ምላጩ እንደ ቅርንጫፍ ነው የሚቆርጠው። በገመድ የግድ ከሆነብህ በትከሻህ ላይ አሳልፈው፣ ሁሌም ከኋላህ ይሁን።

ጥያቄ፦ ባትሪው በጋውን ተቀምጦ ቻርጅ አልቀበል አለኝ።

መልስ፦ ባዶውን ወራት ከተቀመጠ እንደዛ ይሆናል። ስራ ሲያልቅ ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርጋችሁ ከማሽኑ ነቅላችሁ ቤት ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቆርቆሮ ስቶር ውስጥ አይሁን። ከስራ ትኩስ እንደወጣም አትሰኩት፣ ይብረድ።

ጥያቄ፦ ክሩ ቶሎ ቶሎ ያልቅብኛል፣ ወፍራም ላድርግበት?

መልስ፦ አታድርጊ እህቴ፣ ለትንሽ ሞተር ወፍራም ክር ሸክም ነው፣ የገመዱን ያሞቀዋል፣ የባትሪውን ቻርጅ ይበላል። መመሪያው ላይ ያለውን ውፍረት ብቻ ግዢ። ክሩን የሚጨርሰው ግንብና ድንጋይ ነው፣ ግድግዳው ስር ስትደርሺ ጠጋ አትበይ፣ በክሩ ጫፍ ብቻ ነካ ነካ አድርጊው።