መንጋጋ ጥርስ ነው ወይስ አጥንት?

ጥያቄ፦ «መንጋጋዬን አመመኝ» ብል ጓደኛዬ «መንጋጋ አጥንት እንጂ ጥርስ አይደለም፤ ጥርሴን በል» ብሎ አረመኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት። ጓደኛዎም ግማሹን አግኝተውታል። «መንጋጋ» ምግብ የሚፈጨው የኋለኛው ጥርስም፣ ጥርሱ የበቀለበት አጥንትም ስም ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚለያቸው ግሱ ነው። መንጋጋ ተቦረቦረ ወይም ተነቀለ ከተባለ ጥርሱ ነው። «መንጋጋዬ አልከፈት አለ» ካሉ አጥንቱ ነው። የሚያስቸግረው «ወለቀ» ነው። ጥርስም ይወልቃል፣ መገጣጠሚያም ይወልቃል። «መንጋጋው ወለቀ» ሲባል ሰውዬው አንድ ጥርስ አጣ? ወይስ ጆሮው ሥር ያለው መገጣጠሚያ ቦታውን ለቀቀ? ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። እንዲህ ሲሆን አጥንቱን «መንጋጭላ»፣ ጥርሱን «የመንጋጋ ጥርስ» ይበሉ። መንጋጭላን ጥርስ ብሎ የሚረዳ የለም። ስለ ጤና ሲጽፉ ደግሞ ይህን ልዩነት አደራ አይዝለሉት።

አንድ ቃል ለሁለቱ መዋሉ እኔን አይገርመኝም። አዋቂ ሰው በተለምዶ 32 ጥርስ አለው፤ 12ቱ መንጋጋ ናቸው። ሥራቸው አጥንቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ የላይኞቹ ብዙውን ጊዜ ሦስት፣ የታችኞቹ ሁለት ሥር አላቸው። ሥሩ ግን አጥንቱ ላይ በቀጥታ አልተጣበቀም። በመሃላቸው ቀጫጭን ጅማቶች አሉ። ጥርሱን ይዘው የሚያቆሙትም፣ ስናኝክ ጫናውን የሚችሉትም እነሱ ናቸው። ድድ ከላይ ይሸፍናቸዋል። ስለዚህ «ጥርሴ ተነቃነቀ» ስንል ብዙ ጊዜ የተጎዳው ጥርሱ ራሱ ሳይሆን ዙሪያው ነው። ሕመሙም እንደዚሁ ነው። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ማለትም ኢናሜል፣ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር ቢሆንም ነርቭ የለውም። ነርቩና የደም ሥሩ ያሉት ጥርሱ እምብርት ውስጥ ባለው ለስላሳ ክፍል ነው።

በዚያው ስለ ቁጥርም ላንሳ። ያመመዎት ከአንድ በላይ ቢሆንም «ጥርሴን አመመኝ» ይበቃል። «ጥርሷ ነጭ ነው» ስንል ሁሉንም ማለታችን ነው። ቁጥር ሲገባም «ሁለት ጥርስ አስነቀልኩ» ለጆሮ ይጥማል። «ጥርሶች» ስህተት አይደለም፤ ግን ጥርሶቹን ለየብቻ መቁጠር ካላስፈለገ ነጠላውን እመርጣለሁ።