አሥራ ሁለት ሰዎች ፊት ለምትቆሙት

ውድ ልጆቼ፤

ሕግ ትምህርት ቤት የገባችሁ፣ ልትገቡ ያሰባችሁ፣ ወይም የጥብቅና ፈቃድ (የባር) ፈተናውን አልፋችሁ ምን ላይ እንደምትሠሩ ግራ የገባችሁ ወጣቶች ስታገኙኝ ሁልጊዜ የምታነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ ሰውየው ጥፋተኛ መሆኑን እያወቁ እንዴት ይከራከሩለታል?»

መልሴ አጭር ነው። አላውቅም። ቦታው ላይ አልነበርኩም። መርማሪውም አልነበረም፤ ዐቃቤ ሕጉም አልነበረም። ሁላችንም እጅ ላይ ያለው ወረቀት፣ ቪዲዮና የሰው ቃል ነው። የእኔ፣ የተከላካይ ጠበቃው፣ ሥራ ያ ሁሉ ተደምሮ አንድን ሰው ዕድሜ ልኩን ለማሰር ይበቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

ብትጠይቁኝ ደስ የሚለኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ከባዱ ነገር ምንድን ነው በሉኝ። ብዙ ሰው ዐቃቤ ሕጉ ወይም ዳኛው ይመስለዋል። አይደለም። ከባዱ «ካልነካካው ለምን ያዙት?» የሚለው ነገር ነው። እኛ እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም እንላለን፤ ፈረንጆቹም በራሳቸው ቋንቋ ይሉታል። ጁሪ ሆነው፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ሊወስኑ ከሕዝቡ ተመርጠው የሚቀመጡት አሥራ ሁለት ሰዎች ይህን ሐሳብ ከቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ሰው ስለሆኑ ነው። እኔም በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ዕድሜዬን የፈጀሁት ከዚህች ጥያቄ ጋር ስታገል ነው።

ሀገር ቤት ሕግ ተምራችሁ ለመጣችሁ አንድ ነገር ላስታውስ። እዚያ ከባድ ወንጀል ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሦስት ዳኞች ተሰይመው ያዩታል። ሲፈርዱም ምክንያታቸውን ይጽፋሉ። ፍርዱ ካልጣማችሁ ሐተታውን አንብባችሁ «እዚህ ጋ ተሳስተዋል» ብላችሁ ይግባኝ ትላላችሁ። ጁሪ ግን ምክንያት አይጽፍም። የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ጡረታ የወጣችው አስተማሪ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚውለው ጎረምሳ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው ይመክራሉ። ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ለምን እንደዚያ እንዳሉ ብዙ ጊዜ ሳታውቁት ትቀራላችሁ። ተከሳሽ እስኪፈረድበት እንደ ንጹሕ ይቆጠራል የሚለው ግን ሁለቱም ጋ አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ላይ ጽፎታል። መጻፉ ቀላል ነው። ሰው ጭንቅላት ውስጥ ማስገባቱ ነው ጣጣው።

ስለዚህ ክርክሩ የሚጀምረው ጁሪ ሲመረጥ ነው። ፊልም ላይ ይህን ክፍል ይዘሉታል፤ አሰልቺ ነው። አዳራሹን የሞላ ሰው ተጠርቶ ይመጣል፤ ግማሹ ሥራ ቀረብኝ እያለ ይነጫነጫል። እዚህ ጋ ስለ ሜሪላንድ አንድ ነገር እወቁ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ለረጅም ዘመን የሜሪላንድ ዳኞች የጁሪ ዕጩዎችን «ተከሳሹን እንደ ንጹሕ መቁጠር ትችላላችሁ ወይ?» ብለው የመጠየቅ ግዴታ አልነበረባቸውም። በ1964 የተሰጠ ውሳኔ ነበር እንደዚያ ያለው። የግዛቲቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያንን የሻረው በ2020 ነው፤ በካዛዲ ጉዳይ። ዛሬ ተከላካዩ ከጠየቀ ዳኛው እነዚህን ማንሣት አለባቸው፦ የማስረዳት ሸክሙ የመንግሥት መሆኑን፣ ተከሳሹ እንደ ንጹሕ የሚቆጠር መሆኑን፣ አልናገርም ማለት መብቱ መሆኑን ለመቀበል የሚከብደው ሰው አለ? ልብ በሉ፣ «ከጠየቀ» ነው ያልኩት። ዝም ያለ ጠበቃ አያገኛትም።

ጥያቄው ሲነበብ ወረቀታችሁ ላይ አታቀርቅሩ። ፊታቸውን እዩ። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ እጇን አውጥታ «ምንም ካላደረገ ተነሥቶ ይናገራ!» አለች። አመሰገንኳት። ከልቤ ነው። ያሰበችውን ስለተናገረች ዳኛው አሰናበቷት፣ ጉዳዩም አለቀ። የምፈራው ከኋላዋ ተቀምጦ ራሱን በአዎንታ የነቀነቀውንና እጁን ያላወጣውን ሰውዬ ነው። ዕጩን ያለ ምክንያት ከጁሪው የማስነሣት ዕድል የሚሰጣችሁ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ቆጥባችሁ ያዙት። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ ጥቁሮቹን እየለየ ሲያስነሣ ካያችሁ እዚያው ተቃወሙ። ከ1986ቱ የባትሰን ውሳኔ ወዲህ በዘር ማስነሣት ክልክል ነው። ነገ እቃወማለሁ ካላችሁ ግን ጁሪው ምሎ ይቀመጣል፤ ነገሩም አበቃ።

ደንበኛችሁን መጀመሪያ ስታገኙት «አድርገኸዋል?» ብላችሁ አትጀምሩ። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሚጠይቀው፣ ግሪን ካርድ ይኑረው አይኑረው ጠይቁ። ቀጥሎ ስለ ስልኩ ንገሩት። የእስር ቤት ስልክ ይቀዳል። መስመሩ ሲከፈት ማሽኑ ራሱ ይናገራል። የእኛ ሰው ግን በአማርኛ ሲያወራ ማንም የማይሰማው ይመስለዋል። ልጁ ለእናቱ ይደውላል። እናት ታለቅሳለች። እሱም ሊያረጋጋት «ጥፋቱ የእኔ ነው እማዬ፣ ይቅር በይኝ» ይላታል። ይቅርታ የሚላት ስላስጨነቃት ነው። ከወራት በኋላ ያች ቃል ተተርጉማ፣ ታትማ፣ ጁሪ ፊት ትነበባለች። እኛ ቤት ውስጥ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ለስንት ነገር እንደሚባል ለአሥራ ሁለት አሜሪካውያን ለማስረዳት ሞክሩ እስቲ። ላብ በላብ ትሆናላችሁ። ስለዚህ ለእሱ ብቻ አትንገሩ። ለእናቱም፣ ለእህቱም፣ ለፍቅረኛውም ንገሩ። በስልክ ስለ ጤናና ስለ ምግብ ብቻ ይወራል።

አማርኛ የምትችሉ ልጆች እዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ ጥቅም አላችሁ። አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ማንም እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። የተኩሱ ሰዓት ማታ ዘጠኝ ነበር፤ በፈረንጅ ሰዓት ማለቴ ነው። የእኛ ምስክር ተከሳሹ በዚያን ሰዓት እሱ ቤት እራት ይበላ እንደነበር ይናገራል። ዐቃቤ ሕጉ የፖሊስ ሪፖርቱን አወጣ። ምስክሩ ያኔ ለመርማሪው «ሦስት ሰዓት» ብሏል፤ ተጽፏል። «አሁን የተኩሱን ሰዓት ሲያውቅ ታሪኩን ቀየረ» ለማለት ተዘጋጅቷል። ቅጂውን አስመጥቼ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ሰውየው ጥርት አድርጎ «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት» ይላል። በስልክ ያስተረጎመው ሰው ቁጥሩን እንዳለ አስተላለፈው፤ ስድስት ሰዓት አልጨመረበትም። በሉ እንግዲህ፣ ከመርካቶ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ማንኛችንም የምናውቀውን ነገር ጁሪው ከየት ያውቃል? እኔም ጠበቃ ነኝና ተነሥቼ መመስከር አልችልም። ፈቃድ ያለው አስተርጓሚ ቅጂውን እንደ አዲስ ተርጉሞ፣ ሀገራችን ሰዓት እንዴት እንደሚቆጥር በምስክርነት እንዲያስረዳ አደረግን። የልደት ቀንና የዓመት ነገርም እንደዚሁ ነው። መዝገቡ ላይ «ተጋጨ» የሚል ቃል ባያችሁ ቁጥር መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያውን ጠርጥሩ።

ደግሞ አለላችሁ የ«አዎ» ነገር። እኛ አዎ ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። የችሎቱን ቃል የምትመዘግበው ሴት ጣቷን አንሥታ ትጠብቃለች። ዳኛው «በቃል ይመልሱ» ይላሉ። ምስክራችን እንደገና ሳብ። ጁሪው ሰውየው የደነገጠ ይመስለዋል። ታላቅ ፊት ዐይንን ሰበር ማድረግም ለእኛ ጨዋነት ነው፤ ለእነሱ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ምስክራችሁን ቢሮ አስቀምጣችሁ አለማምዱት። ምን እንደሚል አትንገሩት። እሱ ነውርም ወንጀልም ነው። ወንበሩ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ወዴት እንደሚያይ፣ መልሱን ድምፅ አውጥቶ እንዲናገር ንገሩት።

ስለ መስቀለኛ ጥያቄ መጽሐፍ ሞልቷል፤ አላበዛም። አንድ ታሪክ ብቻ። በ1961 ፍሎሪዳ፣ ፓናማ ሲቲ ውስጥ ክላረንስ ኧርል ጌዲዮን የሚባል ድሃ ሰው አንድ ፑል ቤት ሰብሮ ገባ ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ አቁሙልኝ ቢል አይሆንም ተባለ። ራሱ ተከራከረና አምስት ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ አቤቱታ ጻፈ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 አቤቱታውን ተቀበለ፤ ዛሬ ፐብሊክ ዲፈንደር (መንግሥት ለድሃ ተከሳሽ የሚያቆመው ጠበቃ) በየቦታው ያለውም በዚያ ውሳኔ ምክንያት ነው። ተማሪ ሁሉ ይህን በቃሉ ይወጣዋል። እኔ አንብቡ የምላችሁ ግን ሁለተኛውን ችሎት ነው። ክሱ ያው ነው። ዋናው የዐይን ምስክርም ያው። የተጨመረው አንድ የአካባቢው ጠበቃ ነው፤ ፍሬድ ተርነር። ምስክሩን በመስቀለኛ ጥያቄ አንገዳገደው። ጁሪው (ፍሎሪዳ ለእንዲህ ያለ ክስ ስድስት ሰው ነው የምታስቀምጠው) በአንድ ሰዓት ገደማ ጌዲዮንን በነፃ ለቀቀው። ያንን ምስክር የሚጠይቅ ሰው አልነበረም እንጂ ጥያቄው መጀመሪያም ነበር።

ተከሳሹ ይመስክር አይመስክር? ምርጫው የእሱ ነው፤ የእናንተም የቤተሰቡም አይደለም። ዝም ካለ ዐቃቤ ሕጉ ዝምታውን እንደ ማስረጃ መጥቀስ አይችልም። ከ1965 ጀምሮ ክልክል ነው። ጁሪው ግን በሆዱ ይጠይቃል። እኔ በመዝጊያ ንግግሬ ይህን አልሸሽም። «ለምን አልተናገረም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ዳኛው አታስቡት ብለዋችኋል፤ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ» እላቸዋለሁ። ከዚያ ወደ መንግሥት ማስረጃ እመልሳቸዋለሁ። «ታዲያ ማን ገደለው?» የሚለውን ለመመለስ አትሞክሩ። የእናንተ ሥራ አይደለም። ከሞከራችሁ ሸክሙን ወዳችሁ ተሸከማችሁ ማለት ነው።

አሁን የማትወዱትን ልንገራችሁ። ከእነዚህ ጉዳዮች አብዛኛው ጁሪ ፊት አይደርስም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2012 እንደጠቀሰው፣ በፌዴራል ከሚፈረደው 97 በመቶው፣ በግዛቶች ደግሞ 94 በመቶው የሚያልቀው ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በሚሰጠው የእምነት ቃል ነው። ሰዉ «ፕሊ ወሰደ» የሚለው ማለት ነው። የእኛ ሰው ፕሊ ሲወስድ ደግሞ ሌላ ቅጣት ተከትሎት ይመጣል። ሆሴ ፓዲያ የሚባል ሰው ነበር፤ ከሆንዱራስ የመጣ፣ ከአርባ ዓመት በላይ በሕጋዊ ፈቃድ የኖረ፣ ቬትናም ለአሜሪካ የዘመተ። ኬንታኪ ውስጥ የጭነት መኪናው ላይ ማሪዋና ተገኘ ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃው «ብዙ ዓመት ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ» አለው። እሱም ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አመነ፤ ከዚያ ዲፖርት ሊደረግ ሆነ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት አለ። ስለዚህ «ስድስት ወር ታስሮ ይወጣል፣ ጥሩ ዴል ነው» የሚል ጠበቃ ለግሪን ካርድ ባለቤት ግማሹን ብቻ ነው የነገረው። ሳትፈርሙ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ብር ያስወጣል፤ ይውጣ።

ስለ ገንዘቡና ስለ ትዳሩ ብዙ አልልም። ገንዘቡ ሌላ ዘርፍ ላይ ይሻላል። ችሎት ባለባቸው ሳምንታት ቤት ውስጥ እንግዳ ናችሁ፤ ሳታገቡ በፊት ተናገሩ።

ውሳኔው ሲነበብ መቼም አይለመድም። ጥፋተኛ ከተባለ ወዲያው «አንድ በአንድ ይጠየቁልኝ» በሉ። አሥራ ሁለቱም በየተራ ውሳኔዬ ነው ወይም አይደለም ይላሉ። ከ2020 ጀምሮ በከባድ ወንጀል ለመፍረድ በየትኛውም ግዛት ሁሉም መስማማት አለባቸው፤ ሉዊዚያናና ኦሪገን እስከዚያ ድረስ በአሥር ሰው ያስሩ ነበር። አንድ ጁሪ እዚያች ላይ ቢያመነታ ነገሩ ይለወጣል። ቅጣቱ ከተወሰነ በኋላ ይግባኝ ማስታወቂያ ለማስገባት ያላችሁ 30 ቀን ነው፤ ዲሲም ሜሪላንድም። ተናዳችሁ እቤት ከመተኛታችሁ በፊት ቀኑን ካላንደራችሁ ላይ ጻፉት።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ አሁንም ሥራው የሚስባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። የዲሲ ሱፔሪየር ኮርት ኢንዲያና ጎዳና ላይ፣ ከጁዲሺያሪ ስኩዌር ሜትሮ ጥቂት እርምጃ ነው። ፍተሻውን አልፋችሁ ግቡና ከባድ ወንጀል የሚታይበትን ክፍል ጠይቁ። የመክፈቻ ንግግር ባለበት ቀን አትሂዱ፤ ያንን ዩቲዩብ ላይም ታገኙታላችሁ። አሰልቺ በሆነ ቀን ሂዱ፤ የዲኤንኤ ባለሙያ ከጠዋት እስከ ማታ በሚያወራበት ቀን። ዐይናችሁን ጠበቆቹ ላይ ሳይሆን ጁሪዎቹ ላይ ጣሉ። ማን ማስታወሻ እንደያዘ፣ ማን እንዳንቀላፋ፣ ማን ተከሳሹን ቀና ብሎ ማየት እንዳቃተው እዩ። ምሳችሁን ቋጥራችሁ ሂዱ፤ እዚያ አካባቢ ሳንድዊች እሳት ነው። ከዚያ በኋላ ደውሉልኝ።