«የንግሥት ጋምቢት» ወይስ «የንግሥቷ ጋምቢት»?

ጥያቄ፦ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን «ዘ ኩዊንስ ጋምቢት» የተሰኘ ባለ ሰባት ክፍል ድራማ አንዱ «የንግሥቷ ቁማር»፣ ሌላው «የንግሥቷ መሥዋዕትነት» ብሎ ሲጠራው እሰማለሁ። የቱ ነው ትክክል? ደግሞስ «ንግስት» ነው «ንግሥት»?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም። ስሙ የተወሰደው ከቼስ ጨዋታ መክፈቻ፣ ማለትም ከመጀመሪያ እርምጃዎቹ ነው። «መሥዋዕትነት» ያሉት ንግሥቲቱ የምትሠዋ መስሏቸው ነው፤ እሷ ግን በእነዚህ የመክፈቻ እርምጃዎች ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ነጩ ከፊቷ የቆመውን መደቅ (ዛሬ ወታደር የሚባለውን) ወደ ዲ4 (የሰሌዳው ቤቶች በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ) ይገፋል፣ ጥቁሩ በዲ5 ይመልሳል፣ ነጩ ቀጥሎ ሌላ መደቅ ወደ ሲ4 አውጥቶ «ብላ» ይለዋል። የቀረበው ይኸው መደቅ ነው። «የንግሥት» የተባለው ነገሩ በእሷ ወገን ስለሚካሄድ ነው።

ቁማርም አይደለም፤ የተሰጠው ይመለሳልና። ጥቁሩ በልቶ፣ ነጩ ኢ3 ሲል፣ የበላበትን መደቅ በቢ5 ልጠብቀው ቢል ነጩ ኤ4 ይላል። ጥቁሩ በሲ6 ቢደግፍ ነጩ ቢ5ን ይበላል፣ ጥቁሩም በሲው ይመልሳል። ያን ጊዜ ንግሥቲቱ ወደ ኤፍ3 ስትወጣ ጥግ ላይ ኤ8 የቆመው ደር (ሩክ) በሰያፍ ይጠመዳል፤ ጥቁሩ ቢያንስ አንድ ፈረስ ወይም ፊል (ቢሾፕ) ሳይከፍል አይወጣም።

ስለዚህ «የንግሥቷ» ሳይሆን «የንግሥት» ይባል። «የልጅ ልብስ» ዓይነትን ይነግራል፤ «የልጁ ልብስ» ባለቤትን። እዚህ የምንፈልገው ዓይነቱን ነው፤ እሙር (የተወሰነ አንዱን የሚያመለክት) ሲሆን አንዲት የታወቀች ንግሥት ያመጣብናል።

«ጋምቢት» የሚለውን ቃል ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ምንጩ ጣሊያንኛ ነው፦ ጋምባ እግር ነው፣ ጋምቤቶ ደግሞ በትግል ጊዜ የባላጋራን እግር ጠልፎ መጣል። ቃሉን ለዚህ ጨዋታ በ1561 ያዋለው ስፔናዊው ቄስ ሩይ ሎፔዝ ነው። በአማርኛ «እግሩን ጠለፈው» እንላለን፤ ከ«ጠለፋ» የተሻለ ትክክለኛ ፍቺ ከየት ይመጣል? ችግሩ «የንግሥት ጠለፋ» ሲባል የሰሚው ልብ በፈረስ ጭነው ወደሚወስዷት ሙሽራ መሄዱ ነው። ጥልፍም፣ የአውሮፕላን ጠለፋም፣ የስልክ ጠለፋም ከዚሁ ግሥ ወጥተው ሳይምታቱ የኖሩ ናቸው፤ «ንግሥት» ስትጨመር ግን ያ አንዱ ፍቺ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። እያዘንኩ «ጋምቢት»ን ተቀብያለሁ።

ከዚህ የሚከብደኝ «ንግሥት» ራሷ ናት። በእኛ ሰንጠረዥ (በአገራችን የቼስ ጨዋታ)፣ ጥቁርና ነጭ ቤት በሌለው፣ መስመር ብቻ በተሠመረበት ቀይ ጨርቅ ላይ፣ ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ ነው። በፋርስኛ ፈርዚን ከንጉሥ የማይለይ አማካሪ ነው፤ ወንድ ነው፣ የሚሄደውም በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ ነው። አውሮፓውያን አማካሪውን በንግሥት ተኩት፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይም ዛሬ ያላትን ኃይል ሰጧት። «ፈርዝ የሞተ ቃል ነው፣ ማን ያውቀዋል?» የሚሉ አሉ። ሩስያውያን እስከ ዛሬ ይህንኑ ጠጠር ፌርዝ ይሉታል፤ የመክፈቻው ስም በእነሱ ዘንድ «ፌርዜቪ ጋምቢት» ነው። ቃሉ ሞስኮ ላይ በሕይወት ካለ አዲስ አበባ ላይ ማን ቀበረው? «ሰንጠረዥ»ንም እንዲሁ «የቁጥር ሰንጠረዥ ከሚባለው ጋር ይምታታል» እያሉ በ«ቼስ» ለወጡት። «ሰንጠረዥ እንጫወት» ሲባል የቁጥር ዓምድ የታየው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሳንስክሪቱ ቻቱራንጋ፣ አራት ክፍል ያለው ጦር፣ በፋርስኛ ቻትራንግ፣ በዐረብኛ ሸጥረንጅ ሆኖ፣ «ን» ወደ ፊት ዘላ እኛ ዘንድ ሰንጠረዥ ሲል ያን ያህል መንገድ የመጣው በቁጥር ሊቀር አልነበረም።

ድራማው ላይ ስንደርስ ግን እጄን እሰጣለሁ። ያቺ በኬንታኪ የሕፃናት ማሳደጊያ ምድር ቤት ከጽዳት ሠራተኛው ጨዋታውን የተማረች ቤዝ ሃርመን መጨረሻ ላይ ሞስኮ ውስጥ ነጭ ካፖርትና ነጭ ቆብ አድርጋ ትሄዳለች። ያቺ ከሰሌዳው የወረደች ነጯ ንግሥት ናት። «ፈርዝ» ብንል ሥዕሉ ይጠፋል፤ ጺማም አማካሪ ያን ካፖርት አይለብስም። ሩስያውያኑ እንኳ ለመክፈቻው ፌርዝን ጠብቀው ለድራማው «ሖድ ኮሮሌቪ»፣ የንግሥት እርምጃ፣ የሚል ስም ሰጥተውታል። እኛም ለድራማው «የንግሥት ጋምቢት» እንበል፤ ስለ ጨዋታው ስናወራ ግን «የፈርዝ ጋምቢት» ብል አትቆጡኝ።

ፊደሉ አጭር ነገር ነው፦ ግሡ በግእዝ ነግሠ ነው፣ በንጉሡ ሠ። ስለዚህ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ መንግሥት። ጋዜጣው ሁሉ በእሳቱ ሰ እንደሚጽፍ አያለሁ፤ እኔ ግን በንጉሡ እጽፋለሁ።