ልጄን የት ላስተምር? ስለ ግል ትምህርት ቤት ምርጫ የወላጆች ጥያቄና መልስ

የምዝገባ ወቅት ሲመጣ ወላጅ እንቅልፍ ያጣል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በግል ትምህርት ቤቶች አስተምሬያለሁ፤ ዩኒት ሊደር (የተወሰኑ ክፍሎች ኃላፊ) ሆኜም ሠርቻለሁ። የራሴንም ልጆች ያስተማርኩት በግል ትምህርት ቤት ነው። ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ባልኩት መሠረት ብዙ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። "ይሄ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው፣ ያኛው አይረባም" ብዬ ስም ግን አልጠራም።

ጥያቄ፦ ሰላም ሚስ። የመጀመሪያ ልጄ መስከረም ላይ ነርሰሪ ትገባለች። ቤታችን አያት ነው። ባለቤቴ ቦሌ ያለ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ካልገባች ይላል። እኔ ደግሞ ሠፈር ያለው ይበቃታል ባይ ነኝ። ማናችን ልክ ነን?

እህቴ፣ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። ሰርቪሱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ የሚደርስ ከሆነ ሕፃኗ ገና ሳይነጋ መነሳት አለባት። መኪና ውስጥ ትተኛለች፤ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፤ ማታ ደግሞ ራቷን ሳትበላ ድፍት ትላለች። በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልጋት ጨዋታ፣ ተረት፣ መዝሙርና የምትወዳት መምህርት ናቸው። ይህ ሠፈር ውስጥም ይገኛል።

የባለቤትሽም ስጋት ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች 1ኛ ክፍል ላይ ቅድሚያ የሚሰጡት የራሳቸውን ዩኬጂ (የመዋዕለ ሕፃናት የመጨረሻ ዓመት) ለጨረሱ ልጆች ነው። ልባችሁ ያለበት ትምህርት ቤት እንዲህ የሚያደርግ መሆኑን ስልክ ደውላችሁ አጣሩ። ከውጭም የሚቀበል ከሆነ ሠፈር ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ልንጎበኝ ስንሄድ ቢሮ አስቀምጠው ብሮሹር ይሰጡናል፤ ሁሉም ያው ነው። ምኑን እንይ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በምዝገባ ሰሞንና በወላጆች ቀን የምታዩት የተዘጋጀ ነገር ነው። ትምህርት በሚሰጥበት ተራ ቀን፣ ረፍት ሰዓት ላይ ሂዱ። ሽንት ቤቱን እዩ። ቧንቧው ውሃ አለው? ሜዳው ላይ ልጆቹን የሚጠብቅ መምህር አለ ወይስ ሁሉም ስታፍ ሩም ገብቷል? ትንንሾቹና ትልልቆቹ አንድ ቦታ ነው የሚጫወቱት?

ቀጥሎ ደብተር አሳዩን በሉ። አንድ ጊዜ የጎረቤቴን ልጅ የ2ኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር አገላበጥኩ። 34 ሲደመር 28፣ "52" ይላል። ላዩ ላይ ትልቅ ቀይ ራይት አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ፊርማና ቀን። ሕፃኑ ልክ የሠራ መስሎት ነው ወደ ሚቀጥለው ገጽ የሄደው። ይህን የመምህሯ ስንፍና ነው ብላችሁ አትለፉት። አምስት ክፍል የምታስተምር መምህርት በየክፍሉ 50 ልጅ ካላት 250 ደብተር ትሸከማለች። ሳታነብ ብትፈርም ምን ይገርማል? ስለዚህ አንድ መምህር በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚይዝ ጠይቁ። ከ30 ካለፈ ደብተር በወጉ አይታረምም።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ጠይቁ፦ "አምና ከነበሩት መምህራን ዘንድሮ ስንቶቹ አሉ?" እኔ ለግል ትምህርት ቤት ዋናው መመዘኛ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ትንሽ የደመወዝ ጭማሪ ሲያገኝ መምህር ይለቃል፤ አይፈረድበትም፣ የቤት ኪራይ አለበት። ልጁ ግን በአንድ ዓመት ሦስት የሒሳብ መምህር ይቀያየርበታል። አንዱ ያስጀመረውን ሌላው አያውቀውም። ሕንፃው ያማረ፣ ስማርት ቦርድ የተሰቀለበት፣ ግን መምህር የማይሰነብትበት ትምህርት ቤት አለ። ግቢው ጠባብ ሆኖ መምህራኑ የልጁን ታላቅ ወንድምም እህትም ያስተማሩበት አለ። ምርጫው የኔ ቢሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ቢሮው በግልጽ ካልመለሰላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ልጅ ለመውሰድ የቆሙትን ወላጆች ጠይቁ። የሚደብቃችሁ የለም።

ጥያቄ፦ ኢንስፔክሽን "ደረጃ 3" ሰጥቶናል የሚል ወረቀት አሳዩን። ምን ማለት ነው?

ኢንስፔክሽን መንግሥት ትምህርት ቤቶችን የሚመዝንበት ቁጥጥር ነው። አራት ደረጃ አለ። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1 ነው፤ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፤ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፤ ከዚያ በላይ ደረጃ 4። የሚታየው ግብዓቱ፣ የመማር ማስተማር ሂደቱና ውጤቱ ነው። ደረጃ 3 ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን አጣሩ። አንደኛ፣ የተሰጠው መቼ ነው? ሁለተኛ፣ ወረቀቱ የዚህ ግቢ ነው ወይስ የዋናው ቅርንጫፍ? የእውቅና ፈቃዱንም ስታዩ ልጃችሁ የሚገባበትን ክፍል መሸፈኑን አረጋግጡ። እስከ 6ኛ ፈቃድ ይዞ 7ኛ ክፍል ከመዘገበ ትምህርት ቤት የሚተርፈው ጣጣ ለልጁ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 3ኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል። አማርኛ ሲሆን ግን ፊደል እየለቀመ ነው የሚያነበው። ትምህርት ቤቱ "አይጨነቁ፣ ይደርስበታል" አለኝ።

ወንድሜ፣ ይህስ ያስጨንቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ትምህርቱ የሚሰጠው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ነው። እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው ከ7ኛ ጀምሮ ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ግን ከመንግሥት መጽሐፍ ጎን ለጎን የሒሳብና የሳይንስ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ያስገዛሉ። ወላጅም ደስ ይለዋል። ለሕፃኑ ግን አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቋንቋ መማር ነው። አንዳንዱ ይችለዋል። አንዳንዱ ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

6ኛ ክፍል ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና ይጠብቀዋል፤ 8ኛ ላይም እንዲሁ። ፈተናው የሚወጣው ከመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ነው።

አንድ ነገር ሞክር። ከእንግሊዝኛ መጽሐፉ አንድ ገጽ አስነብበውና ምን እንደሚል በራሱ አባባል እንዲነግርህ ጠይቀው። ከካርቱን የተለመደ አነጋገር ሌላ ነው፤ አንብቦ መረዳት ሌላ ነው። እሱንም ካቃተው ችግሩ ማንበብ ላይ ነው ማለት ነው። ማታ ማታ ሩብ ሰዓት አብራችሁ የአማርኛ ተረት አንብቡ። ታክሲ ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ አስነብበው። ልጁ ገና 3ኛ ክፍል ነው፤ አልረፈደም።

ጥያቄ፦ ከደመወዛችን ምን ያህሉን ለትምህርት ቤት ብናወጣ ይሻላል?

መጀመሪያ ጠቅላላ ወጪውን እወቁ። ወላጅ የሚያወዳድረው ወርሃዊውን ብቻ ነው። ለምሳሌ ወርሃዊው 4,500 ብር ቢሆን በ10 ወር 45,000 ነው። ሰርቪስ በወር 3,000 ከሆነ 30,000። ምዝገባ 3,000፣ መጽሐፍ 5,000፣ ዩኒፎርም ከነስፖርት ልብሱ 4,000 በሉ። አስጠኚ ከተጨመረ፣ በወር 2,500 ቢሆን እንኳ 25,000። ድምሩ 112,000 ብር ሆነ። ምሳ ዕቃው፣ ጉብኝቱና የዩኬጂ ምረቃ ጋውኑ ገና አልገባም። አቅማችሁን በዚህ ለኩ። በእግር የሚኬድበት ትምህርት ቤት ወርሃዊው ትንሽ ቢበልጥ እንኳ በዓመት ሲታሰብ ሊረክስ ይችላል።

ስለ ክፍያ ጭማሪም ብዙዎች ጠይቃችኋል። ትምህርት ቤቱ ለጭማሪ ስብሰባ ሲጠራ ሥራ አለብኝ ብላችሁ አትቅሩ። ቃለ ጉባኤ የሚያዘው እዚያ ነው። እኔ ብሆን "ጭማሪው ይቅር" ከማለት በፊት "ከጭማሪው ምን ያህሉ ለመምህራን ደመወዝ ይውላል?" ብዬ እጠይቃለሁ። በቂ መልስ ካለ ጭማሪውን ለመክፈል አይከብደኝም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሥራ ለቋል። ልጆቹን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ልናዛውር ነው። "ሰው ምን ይለኛል" እያልኩ እያለቀስኩ ነው።

አይዞሽ እህቴ። ሰው ለአንድ ሳምንት ያወራል፤ ከዚያ የራሱ ጉዳይ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማሪዎች ምገባ አለው፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣል። መምህራኑ በትምህርቱ የተመረቁና ለዓመታት የቆዩ መሆናቸው የተለመደ ነው። የሚከብደው የክፍሉ ተማሪ ብዛት ነው። እሱን በቤት ክትትል አካክሱት። ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) ውስጥም ግቡ፤ የወላጅ ድምፅ እዚያ ይሰማል። ለልጆቹ ግን እውነቱን ንገሯቸው። ጥፋት ያጠፉ መስሎ እንዳይሰማቸው። የድሮ ጓደኞቻቸውንም እንዳያጡ ቅዳሜ ቅዳሜ አገናኟቸው።

ጥያቄ፦ "12ኛ ክፍል መቶ በመቶ አሳልፈናል" የሚል ባነር አየሁ። ልመን?

ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። "ስንት ተማሪ አስፈተናችሁ?" በል። 12 አስፈትኖ 12 ማሳለፍና 200 አስፈትኖ 150 ማሳለፍ አንድ አይደለም። ቀጥሎ "እነዚህ ልጆች 9ኛ ክፍል ሲገቡ ስንት ነበሩ?" በል። ደከም ያሉትን 10ኛና 11ኛ ላይ "ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ" ብሎ ሸኝቶ፣ የቀሩትን ይዞ መቶ በመቶ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ እውነቴን ነው የምናገረው፣ ያናድደኛል። የደከመውን ማብቃት ነው የትምህርት ቤት ሥራ።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤቱ አገር አስደንግጧል። በ2015 ጥቅምት ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዙር 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ተማሪ አሳልፎ የመነሻ ቁጥሩን በግልጽ የሚያሳይ ትምህርት ቤት ካገኘህ አክብረው።

ጥያቄ፦ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤትስ?

ልጁ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ከሆነና አቅሙ እስከ መጨረሻው ካላችሁ ጥሩ ነው። ሊሴ ገብረ ማርያም የፈረንሳይን፣ ሳንፎርድ የእንግሊዝን ሥርዓት ይዘው የኖሩ ናቸው። አስቸጋሪው መሃል ላይ ማቋረጥ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ ገንዘብ አጥሮ ወደ አገር ውስጥ ሥርዓተ ትምህርት የሚመለስ ልጅ በጣም ይቸገራል። ስሙ "ኢንተርናሽናል" የሆነ ሁሉ የውጭ ሥርዓት አያስተምርም፤ የማንን ሥርዓተ ትምህርት እንደሚከተልና የትኛውን ፈተና እንደሚያስፈትን በጽሑፍ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ መምህሯ ልጄን በማስመሪያ መታችው። ባወራ ይበቀሉብኛል ብዬ ፈራሁ።

አትፍሪ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ተጽፏል። መጀመሪያ ዩኒት ሊደሩን፣ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩን አናግሪ። የሆነውን ከነቀኑ ጽፈሽ ስጪ፤ ኮፒውን ያዢ። ካልሰሙሽ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ልጅሽን ደግሞ በየቀኑ "ዛሬ እንዴት ዋልክ?" ማለት አትተዪ። ቅሬታ ያቀረበን ወላጅ ልጅ ከሚያገልል ትምህርት ቤት ማውጣት ነው።

ጥያቄ፦ የዩኬጂ ልጄ የቤት ሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል። ደህና ነው?

አይደለም። የመገናኛ ደብተሩ ላይ ጻፉላቸው። ሌሎች ወላጆችም አብረዋችሁ ቢጽፉ ቶሎ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመቱ ነው፤ አይናገርም፤ ሲጠሩት አይዞርም። ሁለት ትምህርት ቤት "አንችለውም" ብለው መለሱን።

በጣም አዝናለሁ። መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ይየው፤ መስማቱም ይመርመር። ኦቲዝም ከሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ጆይና ነህምያ የሚባሉ ማዕከላት አሉ። ተራ ለማግኘት ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ዛሬውኑ አመልክቱ። በአካቶ ትምህርት (እንዲህ ያሉ ልጆችን ከሌሎች ጋር አንድ ክፍል በማስተማር) የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታገኙ "እንቀበላለን" የሚለው ቃል ብቻ አይብቃችሁ። ክፍሉ ውስጥ ረዳት መምህርት አለች ወይ? የልዩ ፍላጎት ትምህርት የተማረ ሰው አላቸው ወይ? ይህ ከሌለ ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው።

ጥያቄ፦ ልጄ ቤይሩት ናት፤ ገንዘብ ትልክልኛለች። የልጅ ልጄን የማሳድጋት እኔ ነኝ። ይህን የምታጽፍልኝ ጎረቤቴ ናት፣ እኔ አልተማርኩም። የትኛው ትምህርት ቤት ይሻለኛል?

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ለእርስዎ የሚሻለው ከክፍል በኋላ የቤት ሥራውን እዚያው የሚያሠራ ትምህርት ቤት ነው። ሲመዘገቡ "እኔ የጽሑፍ መልእክት አላነብም፤ ስልክ ደውሉልኝ" ብለው ይንገሯቸው፤ አያፍሩ። ጥሩ መምህርት በደስታ ትደውላለች። እናቷ ውክልና ብትልክልዎት ለመልቀቂያም ለሌላም ፊርማ አይቸገሩም። የልደት ሰርተፊኬቷንና የክትባት ካርዷን አይርሱ። ማታ ደግሞ ደብተሯን ከፍታ ጮክ ብላ ታንብብልዎት። ባያነቡም ጆሮዎ አለ፤ የምትንተባተብበትን ይሰሙታል። በማግሥቱ ለመምህሯ "እዚህ ጋ ይከብዳታል" ብለው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ የሰርቪስ ውል ልንፈርም ነው። ምን እንጠይቅ?

መኪናው ውስጥ ከሹፌሩ ሌላ ልጆቹን የምትጠብቅ ረዳት መኖሯን፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መቀመጫ እንዳለው፣ ልጃችሁ በተራ ስንተኛ እንደሚጫንና ስንተኛ እንደሚወርድ ጠይቁ። ልጁን ከእናንተ ሌላ ማን መረከብ እንደሚችል በስምና በስልክ ውሉ ላይ ይጻፍ። የረዳቷን ስልክ ያዙ። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቀን መስመሩን ከመኪናው ኋላ ተከትላችሁ እዩት።