ስልኩን ገና አትቀይሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ድሪያ ቀሚስ እሸጣለሁ፣ ፎቶው ስልኬ ላይ ጥርት ያለ ነው፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ስጭነው ግን ጥልፉ ብዥ ይላል፣ ስልክ ልቀይር ወይ ነው ያልሽው። ከኔ በላይ የመለሱት ሁሉ «አይፎን ግዢ» ይላሉ። ኧረ አቦ! ስንት ድሪያ ሸጣ ነው አይፎን የምትገዛው?

እኔም ድሬ ነኝ፤ የምሸጠው የሐረር የሣር ስፌት ነው። አክስቴ የምትኖረው ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ስለሆነ ልጇ ስፌቱን እያነሳ በቴሌግራም ይልክልኛል። እኔ ደግሞ ማውረድ እንኳ ሰንፌ ስክሪንሹት አነሳው ነበር። ዳር ዳሩን ቆርጬ ቻናሌ ላይ እለጥፋለሁ፣ ከቻናሉ መልሼ አውርጄ ፌስቡክ ላይ እጭናለሁ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ከአዲስ አበባ «ይሄ ስፌት ነው ወይስ የፕላስቲክ ሳህን?» ብላ ጻፈችልኝ። ተናድጄ ልመልስላት ስል ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። እውነቷን ነው፤ ወራት የፈጀው ጥለት ጠፍቶ ቀይ ጭቃ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፖቹ ፎቶሽን እንዳለ አይወስዱትም። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሳው 4000 በ3000 ፒክስል ያህል ነው፤ ፒክስል ማለት ፎቶው የተሠራባት ትንሿ ነጥብ ናት። ቴሌግራም ላይ በተለመደው መንገድ ስትልኪው ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ይወርዳል። ብታሰይው ከነጥቦቹ የሚተርፈው ከ10 እጅ 1 እጅ ያህሉ ነው። ከዚያ በላይ ጄፔግ በሚባለው የፎቶ ማሳነሻ ዘዴ ይጨመቃል፤ ዓይናችን የብርሃንን ያህል የቀለምን ዝርዝር ስለማይለይ ጄፔግ አብዝቶ የሚቀንሰው ከቀለሙ ነው። የሰው ፊት ላይ ይሄ ብዙም አይታወቅም። ጥቅጥቅ ያለ ጥለት፣ በተለይ ቀይ በጥቁር ላይ ሲሆን ግን፣ ቀለሙ ዳር ዳሩን ይፈሳል። ያንቺ ጥልፍና የኔ ስፌት አንድ በሽታ ነው የያዛቸው። እኔ ደግሞ እንዳየሽው በአንድ ፎቶ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ነበር የማስጨምቀው።

አሁን የአክስቴን ልጅ «በፎቶ አትላክ፣ በፋይል ላክ» አልኩት። የማያያዣዋን ምልክት ነክቶ ከጋለሪ ሳይሆን ፋይል ከሚለው ይመርጣል፤ ፎቶው እንደተነሳ ይደርሰኛል። ያንን ዋናውን ለብቻ አስቀምጬ ለቴሌግራምም ለፌስቡክም ለኢንስታግራምም በየፊናው ከዋናው ነው የምጭነው። አንዱ አፕ ላይ ያለፈውን ለሌላው አልሰጥም። ስክሪንሹት ደግሞ ሐራም ነው።

ኢንስታግራም ስፋቱን ወደ 1080 ስለሚያወርደው ቀድሜ ራሴ 1080 በ1350 አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ ሴቲንጉ ውስጥ ደግሞ በከፍተኛ ጥራት እንዲጭን የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ አብሪው። ዋትሳፕ ላይ ከ2023 ወዲህ ፎቶ ስትልኪ ከላይ ኤችዲ (ከፍተኛ ጥራት) የምትል ምልክት አለች፤ እሷን ንኪያት።

በፋይል መላክ ግን አንድ ጣጣ አለው። የስልክሽ ካሜራ ላይ ሎኬሽን ከበራ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ለማላውቀው ደንበኛ በፋይል ላክሁለት፤ ሰውየው «እንዴ፣ ቤትሽ እዚህ ጋ ነው?» ብሎ ካርታ መለሰልኝ። ደነገጥኩ! ከካሜራው ሴቲንግ ሎኬሽኑን አጥፊው፤ ቤትሽ ውስጥ የምታነሺ ከሆነ ዛሬውኑ።

ብርሃን ላይ ብዙ አልልም፣ የድሬን ፀሐይ ታውቂያታለሽ። ቀትር ላይ ውጭ አታንሺ፤ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ወይም 11 ሰዓት ላይ በር አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ይበቃል። ይልቅ የሚያሳስተው ሌላ ነው። ስልክ ሲግል ስክሪኑን ራሱ ያደበዝዘዋል። ፎቶው የጨለመ መስሎሽ ታበሪዋለሽ፣ ታበሪዋለሽ፣ ገዢዋ ጋ ሲደርስ ልብሱ ነጭ ሆኖ ቁጭ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እያሳመርኩ ስንቱን አበላሽቻለሁ። ስልኩ ሲቀዘቅዝ፣ ቤት ገብተሽ አሳምሪው።

«በመጫን ላይ» ብሎ የሚቆምብሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ቆጣቢው ወይም ዳታ ቆጣቢው በርቶ ነው፤ ከአፑ ስትወጪ ይገድለዋል። እስኪያልቅ ከአፑ አትውጪ።

ነገ ጠዋት ያችን ወርቃማ ጥልፍ ያላትን ድሪያ አንሺና ቴሌግራም ላይ ለራስሽ፣ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ሁለት ጊዜ ላኪያት፤ አንዱን በተለመደው፣ አንዱን በፋይል። ሁለቱንም ጥልፉ ላይ አጉልተሽ እዪ። በፋይል የተላከውም ብዥ ካለ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገሽ እንደገና አንሺ፤ አቧራችን የታወቀ ነው። ከዚያም ካልሆነ እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።